የአውሮፕላን ጥገና ግዴታ፦ ወጪውና ትርፉ ሲመዘን የቱ መንገድ ይሻላል?

ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁለቱን የጨረሰ የጭነት መኪና ደብረ ሲና ሲደርስ ዳር ይዞ ይቆማል። ረዳቱ ዘሎ ይወርድና መዳፉን ወደ ኋላ ጎማዎቹ ቸርኬ ያስጠጋል፤ አይነካውም፣ ወላፈኑን ብቻ ይለካል። የአንደኛው ጎማ ሙቀት ከሌሎቹ ከበለጠ ፍሬኑ እየያዘ ነውና ለሹፌሩ ይነግረዋል። ይህንን እንዲያደርግ ያዘዘው ሕግ የለም። ያው መኪና ግን በዓመት አንድ ጊዜ ተመርምሮ ቦሎ ካልለጠፈ ትራፊክ ያስቆመዋል፤ ቦሎ የለጠፈ መኪናም ቢሆን በማግሥቱ ፍሬን እንቢ ሊለው እንደሚችል መንገዱን የሚመላለስ ሁሉ ያውቃል። ብዙ ዓመት በአውሮፕላን ጥገና ከሠራሁ በኋላ የሙያው ዋነኛ ክርክር ከቦሎውና ከረዳቱ መዳፍ ብዙም እንዳልራቀ ተረድቻለሁ፦ ቀን ቆጥሮ የሚታዘዝ ጥገና ይሻላል ወይስ ሁኔታን አይቶ የሚወሰን?

ይህንን ለመጻፍ ምክንያት የሆኑኝ ደብረ ብርሃን ያሉ ጥቂት ወዳጆቼ ናቸው። በቀወትና በኤፍራታና ግድም ቆላ ማሽላውን በሚፈጀው ግሪሳ ወፍና በአንበጣ ላይ መድኃኒት የሚረጭ ባለ አንድ ሞተር አነስተኛ አውሮፕላን በጋራ ስለ መግዛት ሲመካከሩ ከግዢው ይልቅ የጥገናው ሒሳብ አስፈራቸው፤ «ከዚህ ሁሉ የግድ የሚሆነው የቱ ነው? በምርጫችን የምንተወውስ?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚህ በታች ያለው ለእነርሱ የሰጠሁት መልስ ሰፋ ተደርጎ የተጻፈ ነው። ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ጎንደር የሚበር መንገደኛም በቲኬቱ ዋጋ ውስጥ የዚሁ ግዴታ ድርሻ አለበትና ነገሩ ይመለከተዋል።

ግዴታና ምክር

በአንድ አውሮፕላን ላይ የሚወጡ የጥገና ጽሑፎች ሁሉ እኩል ሥልጣን የላቸውም። አምራቹ ፋብሪካ ጉድለት ሲያገኝ ወይም ማሻሻያ ሲያስብ ሰርቪስ ቡለቲን ያወጣል፤ ይህ በመሠረቱ ምክር ነው። የአቪዬሽን ባለሥልጣን ጉዳዩን አደገኛ ብሎ ሲቀበለው ደግሞ ኤርወርዚነስ ዳይሬክቲቭ፣ በሃንጋር (በአውሮፕላን መጠገኛ አዳራሽ) ቋንቋ ኤዲ፣ ይሆናል፤ ኤዲ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ካልተፈጸመ አውሮፕላኑ እንዲበር አይፈቀድለትም። ከእነዚህ ሌላ በቀን መቁጠሪያና በበረራ ሰዓት የሚታዘዝ ምርመራ አለ። በአሜሪካ ሕግ ማንኛውም አነስተኛ አውሮፕላን በ12 ወር አንድ ጊዜ መመርመር ይኖርበታል፤ ሰው በክፍያ የሚያጓጉዝ ወይም በክፍያ ለማስተማሪያ የሚያገለግል ከሆነ ደግሞ በየ100 ሰዓቱ ተጨማሪ ምርመራ ይደረግለታል። ይህ የ100 ሰዓት ገደብ ወደ መመርመሪያው ቦታ ለመድረስ ሲባል እስከ 10 ሰዓት ሊታለፍ ይችላል፤ ነገር ግን የታለፈው ሰዓት ከሚቀጥለው 100 ላይ ይቀነሳል። የእኛን አገር ዝርዝር ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ወስዶ ማንበብ የገዢው ሥራ ነው፤ እዚህ የአሜሪካውን ያነሣሁት የብዙ አገር ደንብ በእርሱ አምሳል ስለ ተቀረጸና ለማወዳደር ስለሚመች ነው።

ወዳጆቼን አንድ ነገር አስገረማቸው። የ100 ሰዓቱ ግዴታ ከበረራ ሠራተኛው ሌላ ሰው በክፍያ ለሚጭን አውሮፕላን የተደነገገ በመሆኑ፣ ፓይለቱ ብቻውን ተቀምጦ መድኃኒት የሚረጭበትን አውሮፕላን አይነካውም። ሕጉ በመጀመሪያ ሊጠብቅ ያሰበው ስለ ማሽኑ ምንም የማያውቀውን ተሳፋሪ ነው። የርጭት አውሮፕላን ግን ከመሬት ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ በሙሉ ጉልበት የሚመላለስ፣ አካሉ ቀኑን ሙሉ ኬሚካል የሚለብስ ስለሆነ ከማንም ይልቅ የሚጎዳ ማሽን ነው። ስለዚህ «ሕጉ አላዘዘም» ማለትና «አያስፈልግም» ማለት ለየቅል ናቸው።

የዚህ ልዩነት ዋጋ በጉልህ የታየው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 1988 በሐዋይ ነው። የአሎሃ ኤርላይንስ የሆነ ቦይንግ 737 በበረራ ላይ እያለ የፊተኛው አካሉ ጣራ ተገንጥሎ ሄደ፤ 95 ሰው ከነበረበት አውሮፕላን አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሕይወቷ አለፈ፣ የቀሩት በፓይለቶቹ ብልሃት ተረፉ። አውሮፕላኑ በደሴቶች መካከል አጫጭር በረራ እያደረገ 89,680 ጊዜ ተነሥቶ አርፏል፤ በእያንዳንዱ በረራ አካሉ በአየር ግፊት ሲነፋና ሲሟሽሽ፣ ላሜራው በተደራረበበት መጋጠሚያ ላይ ያሉት የሪቬት ቀዳዳዎች ተሰነጣጠቁ፤ የባሕሩ ጨዋማ አየርም አባባሰው። አምራቹ ቀደም ብሎ ባወጣው ቡለቲን የአካሉ መጋጠሚያዎች ሁሉ እንዲመረመሩ መክሮ ነበር። ባለሥልጣኑ ያወጣው ኤዲ ግን የግድ ያደረገው የላይኞቹን መጋጠሚያዎች ብቻ ነበር፤ የአደጋ መርማሪዎቹም ይህንን መጥበብ ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው መዝግበውታል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በሪፖርቱ ውስጥ ያለች አንዲት መንገደኛ ናት። ስትሳፈር በሩ አጠገብ ስንጥቅ አይታ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

ግዴታ ሁሉ ደግሞ ማሰሪያ ብቻ አይደለም። የሚኒመም ኢኩፕመንት ሊስት የሚባለው ሰነድ የትኛው ዕቃ ተበላሽቶ እያለ ለስንት ቀን መብረር እንደሚቻል ይፈቅዳል፤ እንደ ምድቡ 3፣ 10 ወይም 120 ቀን። ደንብ ባይኖር ኖሮ ይህንን ለመወሰን ፓይለቱና ሒሳብ ሹሙ በየጠዋቱ ይከራከሩ ነበር።

በደረሰኝ ላይ የማይነበበው ወጪ

የጥገና ወጪ ሲባል ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው መለዋወጫውን ነው፤ በእኛ አገር መለዋወጫ ማለት የውጭ ምንዛሪና የጉምሩክ ቀጠሮ ማለት ስለሆነ ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ሁለተኛው ወጪ ሥራ ፈትቶ የመቆም ነው። ግሪሳው ማሽላው ላይ ባረፈበት ሳምንት አውሮፕላኑ ሃንጋር ውስጥ ከተፈታ፣ ለዓመቱ ሙሉ የታሰበው ገቢ በዚያች ሳምንት ሊያልቅ ይችላል። እነዚህ ሁለቱ በወረቀት ይሰላሉ። ሦስተኛውን ግን ደረሰኝ አይጽፈውም፤ እርሱም ጥገናው ራሱ የሚያመጣው ብልሽት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል የባሕር ጠረፍ ክፍል፣ ሰርጓጅ መርከብ የሚያድኑ አውሮፕላኖቹ ከሚበሩበት የሚቆሙበት ጊዜ ስለ በዛበት ሳይንቲስቶችን አሰማራ። ከእነርሱ አንዱ የሥነ ሕይወት ሊቁ ኮንራድ ዋዲንግተን ነበር። የብልሽቱን መዝገብ ሲያገላብጡ ያልታሰበ ብልሽት የሚበዛው በየ50 ሰዓቱ የሚደረገው ምርመራ እንዳለቀ ወዲያውኑ ሆኖ አገኙት፤ ከዚያ በኋላ በረራው እየቀጠለ ሲሄድ ብልሽቱ ይቀንሳል። ምርመራው የሚያስተካክለውን ያህል ደህናውንም እየነካካ ያበላሽ ነበር ማለት ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጉዳት በቅርብ ሲታይ የአንድ ብሎን ውፍረት ያህል ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1990 ከበርሚንግሃም የተነሣ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን የፓይለቱ የፊት መስታወት በበረራ ላይ ተነቅሎ ካፒቴኑ ከወገቡ በላይ ወደ ውጭ ተመዘዘ፤ ባልደረቦቹ እግሩን ይዘው እስኪያርፉ ቆዩ፣ እርሱም ተረፈ። መስታወቱ የተቀየረው ከዚያ 27 ሰዓት ቀደም ብሎ በሌሊት ፈረቃ ሲሆን፣ ከ90ዎቹ ብሎኖች 84ቱ ከሚገባው የቀጠኑ ነበሩ፤ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ በመሆኑ በዓይን አይለይም። ሥራውን ሌላ ሰው ደግሞ እንዲያየው የሚያስገድድ ደንብ ለዚያ መስታወት አልነበረም። እኔም ወጣት ሳለሁ የዘይት ማጣሪያ ቀይሬ የማጥበቂያውን የደኅንነት ሽቦ ሳላስር ልሄድ ስል፣ የፈረቃ አለቃዬ ባትሪውን አብርቶ «ልጄ፣ ይኼ ማን ይጨርሰው ብለህ ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የሠራው እጅና የሚያረጋግጠው ዓይን የተለያየ ሰው እንዲሆን የሚያዘው ደንብ ከሁሉም ደንቦች ርካሹና ጠቃሚው ነው ብዬ አምናለሁ፤ አሥር ደቂቃና አንድ ፊርማ ነው የሚያስከፍለው።

ይህ ጉዳይ በአኃዝ የተፈተሸው ዘግየት ብሎ ነው። የዩናይትድ ኤርላይንስ መሐንዲሶች የነበሩት ኖውላንና ሂፕ እ.ኤ.አ. በ1978 ለአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ባቀረቡት ጥናት፣ ካጠኗቸው የአውሮፕላን ክፍሎች መካከል በዕድሜ ብዛት እያረጁ የብልሽት ዕድላቸው የሚጨምረው 11 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳዩ። የቀሩት 89 በመቶዎቹ «ይህን ያህል ሰዓት ሲሞላው ይፈታ» የሚለው ገደብ የሚጠቅማቸው አልነበሩም፤ እንዲያውም የአብዛኞቹ የብልሽት ዕድል ከፍ የሚለው ገና እንደ ተገጠሙ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። በቀድሞው አሠራር ዲሲ-8 የተባለው አውሮፕላን በሰዓት ገደብ ተፈትተው የሚታደሱ 339 ክፍሎች ነበሩት፤ አዲሱ አስተሳሰብ ተግባራዊ የሆነበት ዲሲ-10 ግን 7 ብቻ። በአዲሱ አሠራር ደኅንነቱ አልቀነሰም።

ግዴታው የሚመልሰው

ከላይ ያለውን ያነበበ ባለ ገንዘብ «እንግዲያው ጊዜውን እናርዝመው» ለማለት ይቸኩላል። እንዲህ ለሚል ሰው የማነሣለት የአላስካ ኤርላይንስን በረራ 261 ነው። ይህን በረራ ያደረገው የኤምዲ-83 አውሮፕላን ጭራ ላይ ያለውን አግድም ክንፍ የሚያነሣና የሚያወርድ፣ ጥርስ ያለው ረጅም ዘንግ አለ፤ ዘንጉ የሚሽከረከርበት የነሐስ ዳዶ ግራሶ ካጣ ጥርሱ ይበላል። ይህንን ግራሶ የመቀባት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1987 በየ500 የበረራ ሰዓቱ ይደረግ የነበረ ሲሆን፣ ወጪና የመቆሚያ ጊዜ ለመቆጠብ በየጊዜው እየተራዘመ በ1996 ወደ ስምንት ወር፣ በሰዓት ሲሰላ ወደ 2,550 ገደማ ደረሰ፤ የጥርሱን መበላት የሚለካው ምርመራም እንዲሁ ተራዘመ። በ1997 በተደረገው ልኬት የዳዶው መላላት ከተፈቀደው ጣሪያ፣ ከ0.040 ኢንች፣ ልክ ላይ ደርሶ ተገኘ፤ በመጀመሪያ ይቀየር ተባለ፣ ከዚያ ሌላ ፈረቃ ደግሞ ለካና 0.033 ነው ብሎ አሳለፈው። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2000 ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ተልጦ አውሮፕላኑ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ወደቀ፤ 88ቱም ሰዎች አለቁ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ እንደሚባለው፣ በግራሶ ላይ የተቆጠበው በዚህ ተከፈለ።

ይህንን ከዲሲ-10 ታሪክ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጥሁት ሁለቱ የሚቃረኑ ስለሚመስሉ ነው። በዲሲ-10 የተቀነሰው መፍታት ነው። በአላስካው የተቀነሰው ግን መቀባትና ማየት ነው። ግዴታ የሚያዋጣው ዓይንን ሲያስገድድ ነው፤ ደህናውን ማሽን እንዲፈታ ሲያስገድድ ግን እያንዳንዱ ትእዛዝ ለብቻው መመዘን አለበት። በዚህ ሙያ ውስጥ ካወቅሁት ሁሉ ለምርጫ የሚበጀው ይህ መለኪያ ነው።

ሌላው ትርፍ ከአደጋ ጋር አይገናኝም፤ ባጭሩ ላንሣው። እ.ኤ.አ. በ1944 በወጣውና ኢትዮጵያም አባል በሆነችበት የቺካጎ ስምምነት መሠረት አንድ አገር የሰጠውን የበረራ ብቁነት ምስክር ወረቀት ሌላው አገር የሚቀበለው ዝቅተኛው መለኪያ ከተሟላ ነው። ቁጥጥራቸው የላላ አገሮች አየር መንገዶች የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በሚያወጣው የእገዳ መዝገብ ውስጥ ሲገቡ እናያለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአዲስ አበባ ሃንጋሩ የሌሎችን አገሮች አውሮፕላን ጭምር እየጠገነ ገቢ የሚያገኘው ይህ ግዴታ ስለ ተሟላለት ነው። ግዴታው ለሁሉ እኩል ባይሆን ደግሞ ጥገናውን የዘለለው ባለ አውሮፕላን ዋጋ ሰብሮ ታማኙን ከገበያ ያስወጣው ነበር፤ ይህንን በሕዝብ ትራንስፖርት ላይ የሚሠራ የደብረ ብርሃን ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል።

የቱን እንምረጥ

ለአነስተኛ አውሮፕላን ባለቤት በተግባር ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ሕጉ ያዘዘውን ብቻ መፈጸም ነው፦ ዓመታዊ ምርመራና ኤዲዎች። ሁለተኛው ፋብሪካው የጻፈውን ሁሉ፣ ቡለቲኑንም የማደሻ ገደቡንም፣ በሰዓቱ መፈጸም ነው። ሦስተኛው ግዴታውን ሳያጓድሉ፣ የቀረውን ማሽኑ በሚያሳየው ምልክት መወሰን ነው።

አንደኛው ርካሽ ይመስላል፤ ለርጭት አውሮፕላን ግን አልመክረውም፣ ምክንያቱን ከላይ ተናግሬአለሁ። ክርክሩ ያለው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው። ለምሳሌ ላይካሚንግ የተባለው ፋብሪካ የሚሠራቸው ብዙዎቹ የአነስተኛ አውሮፕላን ሞተሮች በ2,000 ሰዓት ወይም በ12 ዓመት፣ ቀድሞ በመጣው፣ ወርደው ሙሉ በሙሉ እንዲታደሱ ፋብሪካው ይመክራል። በግል ለሚበር ሰው በአሜሪካ ሕግ ይህ ምክር ነው፤ መንገደኛ ለሚያጓጉዝ ድርጅት ግን በአብዛኛው ግዴታ ይሆናል። ሁለተኛውን መንገድ የመረጠ ሰው ደህና የሚሠራ ሞተር አውርዶ፣ ትልቁን ወጪ ከፍሎ፣ ገና ያልተፈተነ ሞተር ይሰቅላል፤ በምላሹ የሚያገኘው ለባንክና ለኢንሹራንስ የሚያሳየው ንጹሕ ወረቀትና ቀድሞ የሚታወቅ በጀት ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛውን የመረጠ ሰው ሥራው በየ50 ሰዓቱ ነው። ዘይቱ ሲቀየር የተፈታው ማጣሪያ ዙሪያውን ተቆርጦ ይከፈታል፤ በውስጡ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈው ወረቀት በስለት ተነጥሎ ነጭ ጨርቅ ላይ ይዘረጋል። ፀሐይ ላይ ተይዞ ሲገላበጥ የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ ማግኔት ይጠጋለታል። በማግኔት የሚያዝ ብረት ከሆነ ከካምሻፍት (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) ወይም ከጥርሶቹ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ያሳስባል፤ የማይያዝ ከሆነ ከፒስተን ወይም ከቡሽ ሊሆን ይችላልና ሌላ ፍለጋ ይጀመራል። ከዚያ የሲሊንደሮቹ ኮምፕሬሽን ይለካል፣ በቦሮስኮፕም (ወደ ሞተሩ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ማያ) ቫልቮቹ ይታያሉ። ውጤቱ ከነቀኑ ይጻፋል፤ ዋጋው ያለው ካለፈው ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ነውና። የረዳቱ መዳፍ ቸርኬው ላይ የሚሠራውን ሥራ እዚህ ማጣሪያው ይሠራዋል።

እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው፤ ሁለት ነገር ግን ይታከልበት። አንደኛ፣ ሲበላሽ አስቀድሞ ምልክት የማይሰጥና ሰው የሚገድል ክፍል ሁሉ በሰዓቱ ይቀየር። የተገዛው አውሮፕላን ባለ ተርባይን ሞተር ከሆነ በውስጡ የሚሽከረከሩት ዲስኮች የተወሰነላቸው የመነሣትና የማረፍ ቁጥር አለ፤ እርሱ ሲሞላ ደህና መስለው ቢታዩም ይወጣሉ፣ ለድርድርም አይቀርቡም። ሁለተኛ፣ መዝገብ የማይጽፍና ማጣሪያ የማይከፍት ሰው ሦስተኛውን መንገድ መረጥሁ ቢል አንደኛውን መርጧል፤ እንዲህ ያለው ሰው በሁለተኛው ቢሄድ ይሻለዋል፣ ሰዓት ቆጣሪው ቢያንስ አይረሳም።

ለሰሜን ሸዋ የተለየ ማስታወሻ አለኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ተርቦ የሌለው የፒስተን ሞተር እዚያ በባሕር ጠለል የሚሰጠውን ጉልበት ሩቡን ያህል ያጣል፤ ስለዚህ በሌላ አገር «ትንሽ ደክሟል፣ ግን ይሠራል» የሚባል ሲሊንደር እዚህ ለመነሣት አይበቃም። ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ደግሞ ጉልበቱ በከፊል ይመለሳል፣ አቧራና ሙቀት ግን ይጠብቀዋል፤ የአየር ማጣሪያው ፋብሪካው ከጻፈው ሰዓት ቀድሞ መታየት አለበት። ኬሚካሉ አሉሚኒየም ስለሚበላ በየዕለቱ ማታ በብዙ ውኃ ይታጠብ። የርጭቱ ወቅት ካለፈ በኋላ አውሮፕላኑ ለወራት ስለሚቆም፣ የላይካሚንግ ካምሻፍት ከላይ ሆኖ ዘይቱ ስለሚወርድለት በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭና ጤዛ ሊዝግ ይችላል። በዚህ ጊዜ የበረራ ሰዓት ምንም አልቆጠረም፣ ሞተሩ ግን እያረጀ ነው፤ ስለዚህ ለቆመ አውሮፕላን በወር የሚቆጠረው ገደብ ከሰዓቱ ይልቅ ይከበር፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነም ፋብሪካው በሚያዘው የማቆያ ዘይት ይሞላ።

ወዳጆቼ አሁን ያገለገለ አውሮፕላን ለማየት ሊሄዱ ነው። ቀለሙንና ወንበሩን ከማየታቸው በፊት የሞተሩን፣ የአካሉንና የፕሮፔለሩን መዝገብ ይጠይቁ፤ በአውሮፕላኑ ላይ የወጡት ኤዲዎች በዝርዝር ተጽፈው፣ እያንዳንዱ መቼ፣ በስንት ሰዓት፣ በማን ፊርማ እንደ ተፈጸመ ይነበብ። የብዙ ዓመት ጽሑፍ በአንድ ቀለምና በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ከሆነ በአንድ ምሽት የተጻፈ ሊሆን ይችላልና ፊርማው ያለበትን ሰው ፈልገው ያነጋግሩ። ሻጩ መዝገቡ ጠፍቶአል ካለ ሞተሩን አስነሥቶ እስኪያሰማቸው ሳይጠብቁ ይመለሱ።